ማስታወቂያ የማያስፈልገው ኒያላ

ጄኔቫ ከሚገኘው የዓለም ጤና ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ወደ ሐይቁ ቁልቁል የሚወርድ ሰው፣ ከመንግሥታቱ አደባባይ ሳይርቅ የጃፓን ቶባኮ ኢንተርናሽናልን የመስተዋት ሕንፃ ያገኛል። ለስብሰባ በዚያ የምንመላለስ ኢትዮጵያውያን ኒያላ ሲጋራ ዛሬ የሚተዳደረው ከዚያ መሆኑን እምብዛም አናስተውልም።

ነገሩ የሚጀምረው በ1942 እ.ኤ.አ. ነው (ዓመታቱ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ከጣልያን ወረራ ማግስት መንግሥት የትምባሆን ንግድ በብቸኝነት ያዘ፤ አዲስ አበቤ ዛሬም ፋብሪካውን «ትምባሆ ሞኖፖል» ይለዋል። ተፎካካሪ የሌለው ሻጭ ደንበኛን መለማመጥ አያሻውም። ማስታወቂያው ስሙ ነበር፦ ኒያላ፣ ግስላ፣ ጉሬዛ። በተለይ ኒያላ፣ ማለትም የደጋ አጋዘን፣ ከኢትዮጵያ ተራሮች በቀር የትም የማይገኝ እንስሳ ነው። አጫሹ ሲጋራ ሲገዛ የአገር ምልክትም አብሮ በኪሱ ይከት ነበር። የትኛውም የማስታወቂያ ድርጅት ከዚህ የተሻለ ሐሳብ ያመጣ ነበር ብዬ አላምንም።

በ2007 የወጣው የብሮድካስት አዋጅ፣ ከዚያም የ2012ቱ የማስታወቂያ አዋጅ የትምባሆ ማስታወቂያን ከለከሉ። በ2014 ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅትን የትምባሆ ቁጥጥር ስምምነት አጸደቀች። የጤና ፖሊሲን ከትምባሆ ኢንዱስትሪ ጥቅም ለመጠበቅ ቃል የገባው መንግሥት ራሱ የኢንዱስትሪው ባለቤት ነበር።

ጃፓን ቶባኮ በ2016 ለ40 በመቶ ድርሻ 510 ሚሊዮን ዶላር፣ በ2017 መጨረሻ ደግሞ ለ30.95 በመቶ 434 ሚሊዮን ዶላር ሲከፍል፣ የገዛው በሕግ ሊተዋወቅ የማይችል ምርት ነበር። ታዲያ ያን ያህል ገንዘብ ስለ ምን? መልሱ ከክልከላው ውስጥ የሚገኝ ይመስለኛል። ማስታወቂያ ሲታገድ የሚጎዳው ገና ያልታወቀው ነው፤ የታወቀው ግን አጥር ይበጅለታል። ይህን ስል ክልከላው ስሕተት ነበር ማለቴ አይደለም። ትርፉ ለማን እንደሚደርስ ቀድሞ ያሰላ ሰው ግን የነበረ አይመስለኝም።

የባለቤቱ መቀመጫ የሆነችው ስዊዘርላንድ በዚያን ጊዜ የት ነበረች? ያንኑ ስምምነት በ2004 ፈርማ አላጸደቀችውም። የጄኔቫ ካንቶን በ2000 የትምባሆ ፖስተርን አግዶ የፌዴራሉ ፍርድ ቤት በ2002 ቢያጸናለትም፣ ዙሪክ ውስጥ ግን በኪዮስክና በነጻ በሚታደል ጋዜጣ ላይ የሲጋራ ማስታወቂያ ለብዙ ዓመታት ቆይቷል። ሕዝቡ ልጆችን ከእንዲህ ያለው ማስታወቂያ ለመጠበቅ በ56.6 በመቶ ድምፅ የወሰነው ፌብሩዋሪ 13 ቀን 2022 ነው። አዲስ አበባ በአዋጅ ቁጥር 1112/2019 ማስታወቂያን፣ ማስተዋወቅንና ስፖንሰርነትን ከነጭራሹ ዘግታ፣ ሥዕላዊው ማስጠንቀቂያ የፓኮውን 70 በመቶ እንዲሸፍን ካዘዘች ሦስት ዓመት ሆኗት ነበር። በ2020 ደግሞ 30 በመቶ ኤክሳይዝ ታክስና በፓኮ 8 ብር ተጨመረ።

በወረቀት ላይ የቀደምነው እኛ ነን። ነገር ግን የአዲስ አበባው ሱቅ በደረቴ ሲጋራ የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ በፍሬ ነው። ፓኮው ከሻጩ እጅ አይወጣም፤ ገዢው የሚቀበለው አንዲት ነጭ ዘንግ ናት፤ በእርሷ ላይ ደግሞ ማስጠንቀቂያ የለም። «ኒያላ ስጠኝ» ለማለት ስሙን ማወቅ ይበቃዋል።