«ያገባኛል»

ግሱ «ገባ» ነው። «አገባ» ሲሆን ትዳር ይመሠርታል፣ ጎል ያስቆጥራል። አዘውትረን የምንሰማው ግን በቁጣ መልክ ነው፦ «ምን አገባህ?» ልጅ ሳለን ከታላላቆች፣ አድገን ከአለቃ የምትመጣ አፍ ማስያዣ ናት።

«ያገባኛል» የዚህች መልስ ነው። አድራጊውን ልብ በሉ፤ «እኔ» አይደለም። ጉዳዩ ነው ሰውየውን የሚያስገባው። ከሌሎቹ የጀግንነት ቃላት ጋር አነጻጽሩት፦ «ወኔ» የባለቤቱን ደረት ይነፋል፤ «ድፍረት» ደግሞ ግማሹ ምስጋና፣ ግማሹ ስድብ ነው። «ያገባኛል» የሚል ሰው ጀግና ነኝ አላለም፤ ነገሩ ይመለከተኛል ነው ያለው።

ቃሉን አደባባይ ያወጡት የዞን 9 ጦማሪያን ናቸው። በ2004 ዓ.ም. ሲሰባሰቡ ስማቸውን የወሰዱት ከአቃቂ ቃሊቲ ነው፦ የቃሊቲ እስር ቤት ስምንት ዞኖች ነበሩት፤ ዘጠነኛው ከአጥሩ ውጭ ያለው አገር ነው ማለታቸው ነበር። መፈክራቸውም «ስለሚያገባን እንጦምራለን» ሆነ። («ጦመረ» ከግዕዙ «ጦማር» የተበጀ ነው፤ ለጆሮዬ ከ«ብሎግ» ይጥማል።)

በሚያዝያ 2006 ስድስት ጦማሪያንና ሦስት ጋዜጠኞች ታሰሩ፤ በኋላም በሽብር ተከሰሱ። ወንዶቹ ቂሊንጦ እስር ቤት፣ ሴቶቹ ቃሊቲ፤ ሁለቱም እዚያው አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ውስጥ ነበሩ። በሐምሌ 2007 የአምስቱ ክስ ተቋረጠ፤ የቀሩትን አራት ፍርድ ቤት በጥቅምት 2008 ከሽብር ክሱ ነጻ አላቸው።

አንዳንዱ «ያገባኛል»ን ከ«ጣልቃ መግባት» ጋር ያምታታል። ጣልቃ የሚገባው ግን ራሱ ነው የሚገባው፤ ማንም፣ ምንም አላስገባውም።