ስልካችሁን «ፍላሽ» ከማስደረጋችሁ በፊት፦ ከፋብሪካ የመጣው ሶፍትዌር ወይስ የተቀየረው?

ካምፕ ውስጥ አስተማሪ ከሆናችሁ ስልክ ሠሪም ናችሁ ማለት ነው። ፊደል የቆጠረ ሰው ስልክም ያውቃል ተብሎ ይታሰባል። ከክፍል ስወጣ የሚጠብቀኝ ጥያቄ ሁሌም ያው ነው፦ «መምህር፣ ይቺ ስልክ ተንቀራፈፈች፣ ፍላሽ ላስደርጋት?» ወጣቶቹ ደግሞ «ሩት አድርግልኝ» ይላሉ። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ እዚህ በጽሑፍ ባስቀምጠው ይሻላል ብዬ ነው።

እኔ ይህን ሥራ ያወቅኩት ባሕሪ ነው። ከጦርነቱ በፊት መሐጣ ውስጣ አካባቢ አንድ ስልክ ጥገና ቤት ከሰዓት በኋላ እየገባሁ ለሐበሻ ደንበኞች አስተረጉም ነበር። ባሽሙሀንዲሱ ሲሠራ እያየሁ እኔም ተማርኩ።

መልሴን አስቀድሜ ልናገር፦ ያለን ስልክ አንድ ብቻ ከሆነ ላዩን እንቀይር፣ ሥሩን እንተወው። ምክንያቱን ከታች በየተራ አስረዳለሁ። ተቃራኒውን ማድረግ የሚጠቅምበት ጊዜም አለ፤ እሱንም አልዘለልኩትም።

ሦስቱ የመቀየር ደረጃዎች

ሰው «ስልኬን ቀየርኩት» ሲል ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ሊያወራ ይችላል።

አንደኛው ላዩን መቀየር ነው። የጀርባ ሥዕል፣ ኪቦርድ፣ ላውንቸር (የመነሻ ገጹን መልክ የሚቀይር አፕ)፣ የማትፈልጉትን አፕ ማጥፋት። ይህ ሁሉ በፋብሪካው ሶፍትዌር ላይ የሚሠራ ነው፤ ካልወደዳችሁት በደቂቃ ትመልሱታላችሁ።

ሁለተኛው ሩት ማድረግ ነው። ሩት ማለት በእንግሊዝኛ ሥር ማለት ነው። ፋብሪካው ለባለቤቱ የከለከለውን ሥልጣን መክፈት ነው፦ የሲስተም ፋይል መሰረዝ፣ መጨመር፣ መለወጥ ይቻላል። እናንተ የምትችሉትን ግን ሥልጣኑን ያገኘ አፕም ይችላል።

ሦስተኛው ካስተም ሮም መጫን ነው። የፋብሪካውን ሶፍትዌር ከነአካቴው አውጥቶ ሌላ አንድሮይድ መጫን ማለት ነው። በጣም የታወቀው ሊኔጅኦኤስ ይባላል። እሱም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2016 የተዘጋውን ሳያኖጅንሞድ የተካ ነው። ለሁለተኛውም ለሦስተኛውም ደረጃ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ቡትሎደሩ መከፈት አለበት። ቡትሎደር ስልኩ ሲበራ «የሚነሳው ሶፍትዌር ትክክለኛው ነው ወይ?» ብሎ የሚያጣራ ዘበኛ ነው።

«ፍላሽ ማድረግ» የሚለው ቃል ግን ሁሉንም ያደበላልቃል። ጥገና ቤት ብዙ ጊዜ ፍላሽ የሚሉት ያንኑ የፋብሪካ ሶፍትዌር እንደ አዲስ መጫንን ነው። ያ ስልክን ከሞት ሊያድን ይችላል። ስለዚህ ፍላሽ ሲሏችሁ «ምን ልትጭንበት ነው? የኩባንያውን ነው የሌላ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ድሮ ለምን ይደረግ ነበር?

ሩት ማድረግ ያለ ምክንያት አልተለመደም። በእኛ በኩል ትልቁ ምክንያት ፊደላችን ነበር። አንድሮይድ 2.3 የነበራቸው ስልኮች ላይ አማርኛ ሲላክላችሁ ባዶ ሳጥን ተደርድሮ ይታይ እንደነበር የሚያስታውስ ያስታውሳል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ስልኩ ውስጥ ግን የፊደሉ ቅርጽ አልተጫነም። ብዙ ሰው ስልኩን ሩት አድርጎ የፊደሉን ፋይል ሲስተሙ ውስጥ ያስገባ ነበር። ዛሬ ይህ ችግር የለም፤ ፊደሉ ከስልኩ ጋር አብሮ ይመጣል።

በሱዳን ሌላ ምክንያት ተጨመረበት፦ የአሜሪካ ማዕቀብ። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ የነበረው ማዕቀብ አፖችንም ነክቷል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2015 ለግል መገናኛ ሶፍትዌር ላላ ተደረገ፤ የንግድ ማዕቀቡ የተነሳው በጥቅምት 2017 ነው። እስከዚያ ሰው አፕ የሚያገኘው ከፕሌይ ስቶር ሳይሆን ከጓደኛው በብሉቱዝ ወይም ከሱቅ በሚሞሪ አስጭኖ ነበር። ማዕቀቡ ሲነሳ ልማዱ አልተነሳም። ዛሬም ካምፕ ውስጥ ኢንተርኔት ደካማ ስለሆነ አፕ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ከማን እንደመጣ የማይታወቅ አፕ ሩት በተደረገ ስልክ ላይ ሲጫን ጉዳቱ እጥፍ ይሆናል።

ሥሩ ሲነካ የሚጠፋው

የባንክ አፕ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ካርቱም ላይ ሲነሳ ባንክ ተዘጋ፣ ጥሬ ገንዘብ ጠፋ። ሰው ዳቦ የገዛው፣ የመኪና የከፈለው፣ ከዘመድ የተቀበለው በአብዛኛው ባንካክ በሚባለው የካርቱም ባንክ አፕ ነው። የራሱ ሒሳብ የሌለው ሐበሻ እንኳ በሚያምነው ሰው ባንካክ በኩል ነው የተረዳው። እንግዲህ በዓለም ላይ ብዙ የባንክ አፖች ስልኩ ሩት መደረጉን ወይም ቡትሎደሩ መከፈቱን ካወቁ አልሠራም ይላሉ። ይህን የሚደብቁ ዘዴዎች አሉ፤ ዛሬ የሠራው ዘዴ ግን ነገ አፑ ሲታደስ ሊከሽፍ ይችላል። ገንዘብ በምትፈልጉበት ቀን ነው የምታውቁት።

ያለው ሁሉ። ቡትሎደር ሲከፈት ስልኩ በውስጡ ያለውን በሙሉ ይሰርዛል። ይህ ብልሽት አይደለም፣ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው፤ ሌባ ስልኩን ከፍቶ መረጃችሁን እንዳያነብ ነው። ግን የስደተኛ ወረቀታችሁ ፎቶ፣ የትምህርት ማስረጃችሁ፣ ያለፈ ሰው ድምፅ እዚያው ውስጥ ከሆነ አብሮ ይሄዳል።

ኔትወርክ። እያንዳንዱ ስልክ አይኤምኢአይ የሚባል 15 አሃዝ መለያ አለው። ብዙዎቹ ርካሽ ስልኮች በሚጠቀሙት የሚዲያቴክ ቺፕ ላይ ጫኙ በኮምፒውተር «ሁሉንም ፎርማት አድርግ» የሚለውን ከመረጠ ይህ ቁጥር ሊጠፋ ይችላል። ከዚያ ስልኩ ይበራል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ሲም ግን አይቀበልም።

ጥበቃ። የተከፈተ ቡትሎደር ያለው ስልክ ሲሰረቅ ወይም ኬላ ላይ ሲወሰድ ሌላ ሰው የራሱን ሶፍትዌር ሊጭንበት ይቀለዋል። ሳምሰንግ ላይ ደግሞ ኦፊሴላዊ ያልሆነ ሶፍትዌር ሲጫን ኖክስ የሚባለው ጥበቃ ውስጡ እንዳለ ፊውዝ ይቃጠላል፤ የፋብሪካውን ሶፍትዌር ብትመልሱም እሱ አይመለስም።

«በአንድ ንክኪ ሩት እናደርጋለን» የሚሉ አፖችንም ተጠንቀቁ። የቤታችሁን ቁልፍ ለማታውቁት መንገደኛ እንደመስጠት ነው።

የፋብሪካው ሶፍትዌርስ ንጹሕ ነው?

ሁልጊዜ አይደለም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2020 አፕስትሪም የተባለ የሞባይል ደህንነት ኩባንያ ቴክኖ ደብልዩ 2 በሚባለው ርካሽ ስልክ ላይ «ትራያዳ» እና «ኤክስሄልፐር» የሚባሉ ጎጂ ፕሮግራሞች ማግኘቱን አሳወቀ። ችግሩ ከታየባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት፤ ካሜሩን፣ ግብፅ፣ ጋና እና ደቡብ አፍሪካም አሉበት። ፕሮግራሞቹ ባለቤቱ ሳያውቅ በሂሳብ የሚከፈልበት አገልግሎት ያስመዘግቡና ካርዱን ይበሉት ነበር። የቴክኖ ባለቤት የሆነው ትራንሽን ችግሩ የመጣው በአቅርቦት መንገዱ ላይ ካለ አቅራቢ መሆኑን ተናገረ፣ ማስተካከያም አወጣ።

ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። ካርድ (በሱዳን ረሲድ የምንለው) ሳትደውሉ ካለቀ፣ ማስታወቂያ ስልኩን ከሞላው፣ ችግሩ «ስልኩ አርጅቶ ነው» ብላችሁ አትተዉት። ሁለተኛ፣ መፍትሔው ሩት ማድረግ ሳይሆን የኩባንያውን ማስተካከያ መጫን ነው። ዋይፋይ ያለበት ቦታ ስትደርሱ መጀመሪያ «ሲስተም አፕዴት» የሚለውን ክፈቱ። «አባውት ፎን» ውስጥ የመጨረሻው የሴኩሪቲ ዝማኔ ቀን ይታያል።

ሥሩን ሳትነኩ የምታገኙት

ወደ እኔ ከሚመጡት ሰዎች የአብዛኞቹ ፍላጎት እዚህ ውስጥ ያልቃል።

• አማርኛ፦ «ሴቲንግስ» ውስጥ «ላንጉጅ» የሚለው ጋ ግቡ፤ ብዙ ስልኮች አማርኛን በዝርዝራቸው ይዘዋል። ለመጻፍ የጉግል ኪቦርድ (ጂቦርድ) አማርኛ አለው፤ ፊንግዕዝ እና ሀሁ የሚባሉትም አሉ። እናቶች ሜኑውን በራሳቸው ቋንቋ ሲያዩ ስልክ መፍራት ይተዋሉ።
• ቦታ፦ ከስልኩ ጋር የመጣ አፕ «አንኢንስቶል» ባይልም ብዙ ጊዜ «ዲስኤብል» ይላል። ሲጠፋ አይሠራም፣ ዳታም አይበላም። የማታውቁትን የሲስተም አፕ ግን አትንኩ። ከዚያ የቴሌግራምና የዋትስአፕ ፎቶና ቪዲዮ አጽዱ፤ ከማያቸው የተንቀራፈፉ ስልኮች አብዛኞቹ ችግራቸው ይኸው ነው።
• ዳታ፦ አንድሮይድ 7 እና ከዚያ በላይ ያላቸው ስልኮች «ዳታ ሴቨር» አላቸው። ሲበራ ከጀርባ የሚሠሩ አፖች ኢንተርኔት እንዳይጠቀሙ ይከለክላል።
• ፍጥነት፦ አነስተኛ ሚሞሪ ላላቸው ስልኮች የተሠራው አንድሮይድ ጎ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2017 ጀምሮ አለ። ስልካችሁ ጎ ባይሆንም እንደ ፌስቡክ ላይት ያሉ ቀለል ያሉ አፖችን መጠቀም ትችላላችሁ።
• ባትሪ፦ ቻርጅ በተራ ለሚደርሰው ሰው «ባተሪ ሴቨር» እና የስክሪን ብርሃን መቀነስ ከማንኛውም ሮም በላይ ይጠቅማሉ።
• መልክ፦ ላውንቸር አንድ ብቻ፣ ከፕሌይ ስቶር። ሁለት ሦስት መጫን ስልኩን ያዘገየዋል እንጂ አያሳምረውም።

ካስተም ሮም መቼ ይጠቅማል?

ስልኩ ደህና ሆኖ ኩባንያው ሲተወው። ለምሳሌ ዋትስአፕ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 ከአንድሮይድ 5 በታች ባሉ ስልኮች ላይ መሥራት አቁሟል። ከዚያ በታች ያለ ስልክ ዋትስአፕ አይከፍትም ማለት ነው። እንዲህ ላለው ስልክ ሊኔጅኦኤስ ካለ ዕድሜ ሊጨምርለት ይችላል። እኔ ግን እሺ የምለው አራቱም ሲሟሉ ነው፦ ስልኩ ሁለተኛ ስልክ ሲሆን፣ ውስጡ ያለው ሁሉ ሌላ ቦታ ሲቀመጥ፣ የባንክ አፕ የማይፈለግበት ሲሆን፣ እና ትክክለኛው ሞዴል በሮሙ ዝርዝር ላይ በስሙ ሲገኝ። «ይመሳሰላል» አይበቃም፤ የሌላ ሞዴል ሶፍትዌር ስልክ ይገድላል።

እጃችን ላይ የሚበዙት አይቴል፣ ቴክኖ እና ኢንፊኒክስ በእነዚህ ዝርዝሮች ላይ በቀላሉ አይገኙም። ሁዋዌ ከሆነ ደግሞ ኩባንያው የቡትሎደር መክፈቻ ኮድ መስጠት እ.ኤ.አ. በ2018 አቁሟል። ሬድሚ በኩባንያው አካውንት ተጠይቆና ጊዜ ተጠብቆ ነው የሚከፈተው። ስለዚህ ለብዙዎቻችን ጥያቄው ራሱ እዚህ ላይ ያበቃል።

ያገለገለ ስልክ ስትገዙ

ካምፕ ውስጥ ብዙው ስልክ ያገለገለ ነው። ሳታውቁ የተቀየረ ስልክ ልትገዙ ትችላላችሁ። ገንዘብ ከመስጠታችሁ በፊት እነዚህን እዩ፦

1. አጥፍታችሁ አብሩት። ሲበራ «ኦሬንጅ ስቴት» ወይም ቡትሎደሩ ተከፍቷል የሚል ማስጠንቀቂያ ካሳየ ሥሩ ተነክቷል።
2. *#06# ደውሉ። የሚወጣው አይኤምኢአይ ካርቶኑ ላይ ወይም ባትሪው ሥር ካለው ጋር ይመሳሰል። ባዶ ከሆነ ወይም ዜሮ ከበዛበት ተዉት። ሲማችሁን አስገብታችሁ ደውሉበት።
3. ፕሌይ ስቶር ውስጥ «ሴቲንግስ»፣ ከዚያ «አባውት» ግቡ። «ሰርቲፋይድ» ካላለ የባንክ አፕ ሊያስቸግር ይችላል።
4. ሻጩ የጉግል አካውንቱን ፊታችሁ ያውጣ። ሳያወጣ ሪሴት ከተደረገ ስልኩ የቀድሞውን ባለቤት አካውንት ይጠይቃል፤ እናንተ አታውቁትም። የሱን አካውንት ማውጣት የማይችል ሻጭ ስልኩ የራሱ ላይሆን ይችላል።

ለጥገና ስትሰጡ

ሲማችሁንና ሚሞሪ ካርዳችሁን አውጡ። የጉግል አካውንታችሁን ኢሜይልና የይለፍ ቃል በወረቀት ጻፉና ቤት አስቀምጡ፤ ብዙ ሰው አካውንቱን የከፈተለት ሌላ ሰው ስለሆነ ራሱ አያውቀውም። የወረቀቶቻችሁን ፎቶ ለምታምኑት ሰው በቴሌግራም ላኩ፣ ወይም ቴሌግራም ውስጥ «ሴቭድ ሜሴጅስ» ላይ አስቀምጡ። እንዲያ ካደረጋችሁ ስልኩ ቢጠፋም ቁጥራችሁን ይዛችሁ በሌላ ስልክ ታወጡታላችሁ። ለዚህም ሲሙ በራሳችሁ እጅ ይሁን።

ኔትወርክ ሁልጊዜ አለ ብላችሁም አትቁጠሩ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 በሱዳን ሰፊ ክፍል ስልክና ኢንተርኔት በአንድ ጊዜ ሲቋረጥ ኦንላይን ያስቀመጡትን ማውጣት ያልቻሉ ብዙ ነበሩ። ስለዚህ ዋና ዋና ስልክ ቁጥሮችን በደብተር ጻፉ። ተማሪዎቼን በየሴሚስተሩ መጀመሪያ የማሠራቸው የመጀመሪያ የቤት ሥራ ይኸው ነው፦ የአምስት ዘመድ ስልክ ቁጥር በእጅ ጽሑፍ፣ በደብተራቸው የመጨረሻ ገጽ ላይ።