«ኢትዮጵያ»፦ የአንዲት አቀባይ መርከብ የአገልግሎት ዘመን

ስለ ድሮው ባሕር ኃይላችን ወሬ ከተነሣ «ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከብ ሳትጠራ አትቀርም። ብዙዎቻችን የምናውቃት በፎቶግራፍ ነው፤ ምፅዋ ወደብ ላይ፣ መርከበኞቿ ነጭ ለብሰው ተሰልፈውባት። እኔን እንደ ታሪክ ተማሪ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ይህች የባሕር ኃይላችን ዋና መርከብ መጀመሪያ የተሠራችው ለሌሎች ነዳጅና ጥይት እንድታቀብል ነበር። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተሠራችው በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ሐይቅ ዳር በሚገኝ የመርከብ መሥሪያ ነው። በ1942 ውሃ ላይ ወረደች፣ በጃንዋሪ 1944 «ኦርካ» ተብላ አገልግሎት ጀመረች። ሥራዋ የባሕር አውሮፕላኖችን መመገብ ነበር። በፓስፊክ ጦርነት ወቅት ማኮብኮቢያ ያልተሠራለት ደሴት ብዙ ነው። እንደ ኦርካ ያለች መርከብ ጥልቀት በሌለው ውሃ ሳይቀር ገብታ መልህቋን ትጥላለች፤ አውሮፕላኖቹም ውሃው ላይ እያረፉ አጠገቧ ይታሰራሉ። ነዳጁ ከሷ፣ ቦምቡና ጥይቱ ከሷ፣ መለዋወጫውም ከሷ፤ የአብራሪዎቹ ምግብና መኝታም እዚያው ነው። ርዝመቷ 95 ሜትር ያህል ሲሆን፣ ወደ 300,000 ሊትር የአውሮፕላን ቤንዚን እንድትይዝ የታቀደች ነበረች። ቤንዚንና ቦምብ ባንድ ሆድ ተሸክሞ ጠላት በሚደበድበው ባሕር ላይ መቆም ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያቅትም። ፊሊፒንስ ውስጥ ሌይቴና ሊንጋየን ላይ የሠራችው እንዲህ ሆና ነው።

ወደኛ የመጣችው በጃንዋሪ 1962 ነው፤ ያውም በውሰት። ባሕር ኃይሉ ከተቋቋመ ገና ሰባት ዓመቱ ነበር። እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ድረስ የአገሪቱን ስም የተሸከመችው መርከብ የሰው ንብረት ነበረች ማለት ነው። እዚህ ሥራዋ ተለወጠ፤ የዕጩ መኮንኖች ማሠልጠኛ ሆነች። ድሮ ቦምብ ታቀብል የነበረችው አሁን ሰው ማቀበል ያዘች።

የቀኖቹን መገጣጠም ልብ በሉልኝ። የኤርትራ የትጥቅ ትግል የተጀመረው መርከቧ ከመምጣቷ አራት ወር ቀደም ብሎ፣ በሴፕቴምበር 1961 ነው። ፌዴሬሽኑ የፈረሰውም በመጣችበት ዓመት፣ በኖቬምበር 1962 ነው። እንግዲህ የ«ኢትዮጵያ» የአገልግሎት ዘመንና የሠላሳ ዓመቱ ጦርነት አብረው የሄዱ ናቸው። በ1977 የአሜሪካ የጦር መሣሪያ እርዳታ ተቋረጠ፤ በምትኩ የሶቪየት ጀልባዎች መጡ። አሜሪካ ሠራሿ አቀባይ፣ እሷ ራሷ አቀባይ አጣች።

ምፅዋ በፌብሩዋሪ 1990 ተያዘች። በሜይ 1991 ሁሉም ሲያበቃ «ኢትዮጵያ» ቀይ ባሕርን ተሻግራ የመን ገባች፤ ከዚያም አልተመለሰችም። በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ኤርትራ ነጻነቷን ያወጀችውም በዚያው ዓመት ነው። የባሕር ኃይሉ ትራፊም በ1996 ጅቡቲ ላይ ለጨረታ ቀረበ።

ስለዚህች መርከብ ሲወራ ጸጸቱ ብዙውን ጊዜ ከብረቱ ላይ ይቆማል፤ «እንዲያ ያለች መርከብ ነበረችን እኮ!» ይባላል። ለኔ ግን ታሪኳ የሚያሳየው ሌላ ነው። መርከቧ እስከ መጨረሻው ተንሳፋፊ ነበረች፤ ያጣችው ወደብ ነው። ወደቡ ደግሞ የታጣው በባሕር ላይ ውጊያ አይደለም። የብስ ላይ፣ ከሕዝብ ጋር በተበላሸ ፖለቲካ ነው። የባሕር በር ጉዳይ እንደገና በሚነሣበት በዚህ ጊዜ ይህንን ቅደም ተከተል መርሳት አደገኛ ይመስለኛል።

አንድ አደራ አለኝ። ብረቱ ቀልጧል፤ በመርከቧ ላይ የሠለጠኑት ሰዎች ግን በየአገሩ ተበትነው ዛሬም አሉ፤ ዕድሜያቸውም እየገፋ ነው። በትምህርት ክፍሎቻችን ያላችሁ መምህራን ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የሚፈልግ ተማሪ ሲመጣ ወደነሱ ላኩት። በወገን በሁለቱም ያሉትን ይጠይቅ፤ የምፅዋ ሰዎችም መርከቧን ከባሕር ዳር ሆነው ያይዋት ነበር።