ሜሽ፦ ጥልፍልፍ ዋይፋይ

«ሜሽ አላችሁ?» ብሎ ለሚጠይቅ ገዢ አንዱ ሱቅ በአንድ ካርቶን የታሸጉ ሦስት ተመሳሳይ ነጭ ሣጥኖች ያወጣለታል፤ ቀጥሎ ያለው ሱቅ ደግሞ ሶኬት ላይ የሚሰካ፣ ሁለት አንቴና ያቆመ ትንሽ ዕቃ። ሁለቱም ሻጮች «አዎ፣ ሜሽ ነው» ይላሉ። ብዙውን ጊዜ ልክ የሆነው የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው የሸጠው ኤክስቴንደር ወይም ሪፒተር የሚባለውን ነው፤ ዋጋው ቀለል ይላል፣ ሥራውም እንዲሁ። ቃሉ ገና በአማርኛ ስላልጠራ ገዢው ሁለቱን የሚለይበት ነገር የለውም።

ሜሽ በእንግሊዝኛ ክሮች ወይም ሽቦዎች እርስ በርስ ሲተላለፉ የሚፈጠረው ነገር ነው። አማርኛ ለዚህ ቃል አያጣም፤ ችግሩ ጥሩ ጥሩዎቹ መያዛቸው ነው። «መረብ» ለኔትወርክና ለኢንተርኔት ተሰጥቷል። «ወንፊት» አለ፤ ግን ወንፊት የሚያፈስ ዕቃ ነውና ለዋይፋይ ደህና ምርቃት አይደለም። «ቅብብል» አንዱ ሣጥን ተቀብሎ ለሌላው ማቀበሉን በደንብ ይገልጻል፤ ያ ግን የሪፒተር ሥራ ስለሆነ ቃሉን ለእሱ ማቆየት ይሻላል። የቀረው «ጥልፍልፍ» ነው። የጠፍር አልጋ ላይ ጠፍሩ በቁመትም በአግድምም እየተላለፈ ስለተጠለፈ አንዱ ቢበጠስ አልጋው አይወድቅም፤ ክብደቱን ሌሎቹ ይካፈሉታል። የሜሽ ሐሳብም ይኸው ነው። «ጥልፍልፍ» ውስብስብ የሚል ጥላ አለበት የሚል ይኖር ይሆናል፤ ዕቃውን በስልክ አፕ ለማዋቀር ሙሉ ምሽት የታገለ ሰው ግን ጥላውን የሚቃወም አይመስለኝም። ስለዚህ ከዚህ በኋላ ሜሽ «ጥልፍልፍ»፣ እያንዳንዱ ሣጥን «አንጓ»፣ የኢንተርኔቱ ገመድ የሚገባበት ሣጥን «ዋና አንጓ»፣ ሪፒተር ደግሞ «ቅብብል» ይባል።

ሐሳቡ የተጀመረው ለመኖሪያ ቤት አይደለም። በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች ካምብሪጅ ከተማ ውስጥ በየጣራው አንቴና ተክለው፣ ሰፈሩን በሬዲዮ አጠላልፈው ሩፍኔት አሉት። ከዚያ ትንሽ ቆይቶ ለታዳጊ አገር ልጆች ተብሎ የተሠራው አረንጓዴና ነጩ ኤክስኦ ላፕቶፕ ይህንኑ ችሎታ ይዞ መጣ፤ በሺዎች የሚቆጠሩት ኢትዮጵያም ገብተዋል። እንግዲህ በእኛ አገር ጥልፍልፍ ከቦሌ ቪላ ባለቤቶች በፊት የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች እጅ ገብቶ ነበር። ላፕቶፖቹ አንድ ክፍል ውስጥ ሲበዙ ግን አየሩ «አለሁ፣ አለህ ወይ» በሚለው የእርስ በርስ ወሬያቸው ይጨናነቅ ነበር። የዋይፋይን ደንብ የሚያወጣው የመሐንዲሶች ማኅበር፣ አይትሪፕልኢ፣ ለጥልፍልፍ የሚሆነውን ተጨማሪ ደንብ ያጸደቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ለቤት ተብሎ የተሠራው ግን ገበያውን የያዘው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፤ ኢሮ፣ የኔትጊር ኦርቢና ጉግል ዋይፋይ በዚያው ዓመት ወጡ፣ የቲፒ-ሊንክ ዴኮ በዓመቱ ተከተለ። ለቃሉ ታማኝ እንሁን ከተባለ የቤቱ ዓይነት ሙሉ ጥልፍልፍ አይደለም፤ ሁሉም አንጓ ዞሮ ዞሮ ወደ ዋናው ያመራል፣ ዋናው ከጠፋ ኢንተርኔቱ ይጠፋል። አንድ ንዑስ አንጓ ሲጠፋ ግን የቀሩት በሌላ በኩል ዞረው ይገናኛሉ። ስሙን ያገኘው በዚህ ነው።

አሁን ወደ ሱቁ ልዩነት። ቅብብል የሰማውን መልሶ የሚጮህ ዕቃ ነው። ብዙ ጊዜ የራሱን ስም ይዞ ይመጣል፤ ስልኩ ላይ የቤቱ ዋይፋይ ሁለት ሆኖ ይታያል፣ አንደኛው መጨረሻው ላይ ጭራ የተቀጠለበት። ሳሎን ተቀምጦ የቪዲዮ ጥሪ የጀመረ ሰው ወደ መኝታ ቤት ሲሄድ ስልኩ የሳሎኑን ሲግናል እስከ መጨረሻው ጭላንጭል ድረስ ይዞ ይጓዛል፤ ከዚያ ይቆረጣል፣ ከዚያ ሌላውን ይፈልጋል። ጥልፍልፍ ላይ ስሙም ፓስዋርዱም አንድ ነው፤ አንጓዎቹም ስለ ስልኩ ይነጋገራሉ፣ «ወደ እኔ ቢመጣ ይሻለዋል» ብለው ይጠቁሙታል። ይጠቁሙታል እንጂ አያስገድዱትም፤ ከየትኛው አንጓ ጋር እንደሚገናኝ የሚወስነው በመጨረሻ ስልኩ ራሱ ነው። አሮጌ ስልክ ግትር ሆኖ ሩቁን አንጓ ሙጥኝ ቢል ጥፋቱ የራውተሩ ላይሆን ይችላል።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ገዢ ሊያስብበት የሚገባው ግን አንጓዎቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩበት መስመር ነው። በሙያው ባክሆል ይባላል፤ እኔ «የጓዳ መስመር» እለዋለሁ፤ ምክንያቱም እንግዳ አያየውም፣ ቤቱ ግን በእሱ ይኖራል። አንድ ሬዲዮ በአንድ ቻናል ላይ በአንድ ጊዜ መስማትና መናገር አይችልም። ስለዚህ ንዑስ አንጓው ከዋናው የተቀበለውን በዚያው ቻናል ለስልኩ ሲያስተላልፍ ጊዜውን ለሁለት ይከፍላል፤ ፍጥነቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ሦስተኛ አንጓ ከሁለተኛው ጀርባ ከተቀጠለ ግማሹ እንደገና ይከፈላል። ሻጩ «አራት ሣጥን ከሁለት ይሻላል» ሲል ይህን አይናገርም። ትሪባንድ ከሚባሉት፣ ማለትም ሦስት ሬዲዮ ካላቸው፣ ብዙዎቹ አንዱን ሬዲዮ ለጓዳ መስመር ብቻ ስለሚለዩት ይህን ይቀንሱታል፤ ዋጋቸውም ያንን ይናገራል። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ገመድ ነው። ካት 5ኢ የሚባለው ተራ የኔትወርክ ገመድ እስከ 100 ሜትር ድረስ 1000 ሜጋ ቢት በሰከንድ ይሸከማል፤ ዝናብ፣ ግድግዳና የጎረቤት ዋይፋይ አይነኩትም። ቤት እየሠራ ያለ ሰው ፊኒሺንግ ከመጀመሩ በፊት ከኤሌክትሪክ ቧንቧው ሌላ አንድ ባዶ ቧንቧ ወደየፎቁ ቢያስቀብር፣ በኋላ መካከለኛ ዋጋ ያለው ጥልፍልፍ ገዝቶ ውድ የገዛውን ጎረቤቱን ይበልጠዋል። የኤሌክትሪክና የኔትወርክ ገመድ ግን አንድ ቧንቧ ውስጥ አይገቡም።

ግድግዳችን ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በፌሮ ብረት የተሞላ የኮንክሪት ወለል ሞገድን ክፉኛ ያደክማል፤ ስለዚህ ጂ ፕላስ ዋን ቤት ውስጥ ጎን ለጎን ካሉ ክፍሎች ይልቅ ታችና ላይ ያሉት ይበልጥ ይቸገራሉ። ቆርቆሮ ጭራሽ አያሳልፍም፤ ይመልሰዋል። ግቢው ጀርባ ያለ የቆርቆሮ ሰርቪስ ቤት ከሳሎን በ10 ሜትር ርቀት ላይ ሆኖ «ኔትወርክ የለም» የሚባለው በዚህ ነው። ትልቅ መስታወት፣ ፍሪጅ፣ ውሃ የሞላ ሮቶም እንዲሁ መንገድ ይዘጋሉ። 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለው ሞገድ ግድግዳ ላይ ይበረታል፣ ግን ቀርፋፋ ነው፤ 5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ነው፣ ግድግዳ ይፈራል፤ አዲሱ 6 ጊጋኸርዝ ከሁሉም ይበልጥ ይፈራል።

አንድ ቤት እንውሰድ። የፋይበሩ ሣጥን ሠራተኛው ሲመጣ ለገመድ ስለቀረበ ብቻ ሳሎን ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ኋላ፣ ቡፌው ስር ተቀምጧል። አንድሮይድ ስልክ ላይ ሲግናል የሚለካ ነፃ አፕ ቢከፈት ሶፋው ጋ ‑45 ያሳያል፤ ቁጥሩ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ሲግናሉ ጠንካራ ነው። ደረጃው መሐል ‑63፣ ላይኛው ኮሪደር ‑74፣ የጥግ መኝታ ቤቱ ‑86። ባለቤቱ ሁለተኛውን አንጓ የት ያስቀምጠዋል? ሰው ሁሉ የሚቸኩለው ወደ ጥጉ መኝታ ቤት ነው፤ ኢንተርኔት የጠፋው እዚያ ነዋ። አንጓው ግን እዚያ ሲቀመጥ እሱም እንደ ስልኩ የሚሰማው ‑86 ነው። ስልኩ ላይ ዋይፋዩ ሞልቶ ይታያል፣ ገጹ ግን አይከፈትም፤ ሞልቶ የታየው ከአንጓው እስከ ስልኩ ያለው እንጂ የጓዳ መስመሩ አይደለምና። ትክክለኛው ቦታ የደረጃው መሐል ወይም አፉ ነው፣ ከዋናው ገና በደንብ የሚሰማበት። ከ‑65 አካባቢ ባይወርድ ይመረጣል። ከዚያ በፊት ግን ዋናውን ከቡፌው ስር አውጥቶ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ማስቀመጥ ይቅደም፤ ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፣ አንዳንዴ መግዛቱንም ያስቀራል።

መግዛት የማያስፈልገው ሰው ብዙ ነው። ስቱዲዮ ወይም ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ መሐል ላይ የተቀመጠ አንድ ደህና ራውተር ይበቃል። እዚያ ሲግናል አያንስም፤ የጎረቤቱ ነው የሚበዛው። 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ እርስ በርስ የማይነካኩ ቻናሎች ሦስት ብቻ ናቸው፦ 1፣ 6 እና 11። በአንድ ብሎክ ውስጥ ሃያ ራውተር እነዚህን ሲሻማ ተጨማሪ አንጓ መትከል ጩኸት መጨመር ነው። መድኃኒቱ ስልክና ቴሌቪዥኑን ወደ 5 ጊጋኸርዝ ማዛወር ነው። የተከፈለበት መስመር 10 ሜጋ ከሆነም ጥልፍልፉ 10ሩን ወደየክፍሉ ያደርሳል እንጂ 11 አያደርገውም።

ካርቶን ላይ የሚጻፈው ቁጥር ሰው ያታልላል። ኤኤክስ3000 ሲባል 3000 ሜጋ የሚሰጥ ይመስላል። የሁለት ሬዲዮ ድምር ነው፦ 574 በ2.4 ጊጋኸርዝ፣ 2402 በ5 ጊጋኸርዝ፤ ከዚያ ወደ ላይ ተጠጋግቶ። ኤኤክስ1800 574 ሲደመር 1201 ነው። ተራ ስልክ በአንድ ጊዜ ከአንዱ ሬዲዮ ጋር ብቻ ይገናኛል፤ ቁጥሩም የቤተ ሙከራ ነው። ለአብዛኛው ቤት ዋይፋይ 6 የሚለው ይበቃል፤ እ.ኤ.አ. ከጥር 2024 ጀምሮ ማረጋገጫ የሚሰጠው ዋይፋይ 7 ትርጉም የሚኖረው መስመሩም ስልኮቹም ሲደርሱበት ነው። ይልቅ የሣጥኑን ጀርባ አዙሮ የገመድ መግቢያውን ማየት ይሻላል፦ ርካሽ አንጓዎች ላይ መግቢያው በ100 ሜጋ ሊወሰን ይችላል።

አስተማማኝ ሲባል ዛሬ የሚሠራ ማለት ብቻ አይደለም። ራውተር ኮምፒውተር ነው፤ የውስጥ ሶፍትዌሩ ካልታደሰ በር ይከፈትበታል። እ.ኤ.አ. በ2018 ቪፒኤንፊልተር የተባለ ጥቃት በ54 አገሮች ቢያንስ 500,000 ራውተሮችንና መሰል ዕቃዎችን መያዙ ሲታወቅ የአሜሪካው ኤፍቢአይ ሰዎች ራውተራቸውን አጥፍተው እንዲያበሩ ለምኖ ነበር። ከተጠቁት ውስጥ ስማቸው የታወቀ ኩባንያዎች ዕቃም ነበረበት። ስለዚህ ሞዴሉ አሁንም ማሻሻያ እያገኘ መሆኑን አጣርቶ መግዛት፣ ዳብልዩፒኤ3 ወይም ቢያንስ ዳብልዩፒኤ2 የሚባለው የዋይፋይ ምስጠራ መኖሩን ማየት፣ ከፋብሪካ የመጣውን «አድሚን፣ አድሚን» የሚል ስምና ፓስዋርድ ያንኑ ቀን መቀየር ያስፈልጋል። ግማሽ ዋጋ የተባለ ያገለገለ ራውተር ማሻሻያው ያቆመ ሞዴል ከሆነ ርካሽ አይደለም።

ከቴሌኮሙ የመጣው ሣጥን ራሱም ራውተር መሆኑ ይረሳል። ጥልፍልፉ ከኋላው ሲቀጠል ሁለት ራውተር ለአንድ ቤት አድራሻ ያድላሉ፤ የመዝናኛ ጨዋታና አንዳንድ ቪፒኤን የሚደነቃቀፉት እዚህ ላይ ነው። ከሁለቱ አንዱ ማደሉን እንዲተው ይደረጋል፦ የቴሌኮሙ ሣጥን ብሪጅ ሞድ ላይ ይደረጋል፣ ወይም ጥልፍልፉ አክሰስ ፖይንት ሞድ ላይ። ሁለተኛው ይቀላል፣ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። በመጀመሪያው መንገድ መስመሩ የተጠቃሚ ስምና ፓስዋርድ የሚጠይቅ ከሆነ ዕቃው ፒፒፒኦኢ የሚባለውን መቀበሉ ሳይገዛ መታየት አለበት።

መብራት ሲጠፋ ሦስት አንጓ ማለት ሦስት ቦታ የሚጠፋ ዕቃ ነው። ሚኒ ዩፒኤስ ይህን ለጥቂት ሰዓት ይሸፍናል፤ ግን የፋይበሩም ሣጥን አንድ ይፈልጋል፣ እሱ ከጠፋ የሌላው መብራት ትርጉም የለውም። የዩፒኤሱ ቮልት አዳፕተሩ ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ መሆን አለበት፤ 9 ቮልት የሚፈልግ ዕቃ 12 ላይ አይሰካም።

ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ካለና «ምን ላምጣ?» ካለ፣ አዳፕተሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ እንዳለ ፎቶ አንስቶ ይላክ፤ 120 ብቻ የሚል ከሆነ በእኛ 220 ላይ ይቃጠላል። ጠፍጣፋውን መሰኪያ የሚቀይር ማገናኛ እዚህም ይገኛል። አንዳንዱ ዕቃ ያለ ኢንተርኔትና ያለ አካውንት ጨርሶ አይዋቀርም፤ ስለዚህ ዘመዱ ሲያዋቅር በራሱ ኢሜይል ከመዘገበው ወደ አሜሪካ ሲመለስ አካውንቱን አብሮ እንዳይወስደው፣ ከመሳፈሩ በፊት በባለቤቱ ስልክ ይመዝገብ።