ኮምፒዩተር ፊደል ሲቆጥር

በደጀን፣ በቢቸናና በሞጣ ማታ ማታ ደብተር ይዛችሁ የምትሰበሰቡ እናቶችና አባቶች፣ ዛሬ የምናወራው ስለ ሌላ ፊደል ቆጣሪ ነው፤ ስለ ኮምፒዩተር። የምንጠራቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1946 አሜሪካኖች ለሕዝብ ያሳዩት ኤኒያክ የሚባል ኮምፒዩተር አዳራሽ ሙሉ ነበር፤ ክብደቱ 30 ቶን ያህል ነው። በ1971 ኢንቴል የተባለው ኩባንያ የሒሳቡን ሥራ የሚሠራውን ክፍል ከጥፍር በማትበልጥ ቅንጣት ላይ አሳረፈው። በ1981 ደግሞ አይ.ቢ.ኤም. ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ኮምፒዩተር ለገበያ አወጣ።

ታዲያ ይህ ሁሉ ሲሆን ማሽኑ የእኛን ፊደል አያውቅም። ኮምፒዩተር የሚገባው ቁጥር ብቻ ነው፤ ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ይሰጣል። የተሠራውም 26 ፊደል ላላቸው ሰዎች ነበር። የእኛ ከሀ እስከ ፐ 33 ነው። ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባት ሰባት ስለሆነ፣ ሲባዛ 231 ይሆናል። እነ ሏና ቋ ገና አልተቆጠሩም! በዚያ ጊዜ የተለመደው የፊደል ሠንጠረዥ ደግሞ የሚይዘው 256 ብቻ ሲሆን፣ ግማሹ አስቀድሞ ለእንግሊዝኛው ተይዟል።

ችግሩ አዲስ አይደለም። ኢንጂኔር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሲያዘጋጁ ቁልፉ አልበቃ ብሎ ቅጥሉን ከፊደሉ ለይተዋል። ፊደሉ ራሱ ይቀነስ ያሉ ምሁራንም ነበሩ። እንደ እኔ እንደ እኔ መኪናው ለፊደሉ ይበጅ እንጂ ፊደሉ ለመኪናው አይቆረጥም።

በ1980ዎቹ አሜሪካ የነበሩት እነ ዶክተር አበራ ሞላና እነ ፍስሐ አጥላው ኮምፒዩተርን አማርኛ አስጻፉት። ማን ቀደመ የሚለውን ለተከራካሪዎች እንተወው። ነገር ግን የየሠሪው ቁጥር ይለያይ ነበር። በአንዱ «ሰላም» ተብሎ የተጻፈው በሌላው ላይ ሲከፈት የማይነበብ ጭረት ሆኖ ይወጣል።

በ1999 ዩኒኮድ የተባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ በሦስተኛው እትሙ የግዕዝን ፊደል አስገባ። የሀ ቁጥር 4608 ሆነ፤ በየትኛውም አገር ያው ነው።

እስቲ እርሳስ አንሡ። ደ 4848፣ ጀ 4864፣ ን 4757። አንድ አባት የከተማቸውን ስም በስልክ ጽፈው አዲስ አበባ ላለች ልጃቸው ሲልኩ፣ የዓባይን በረሃ የሚሻገሩት እነዚህ ሦስት ቁጥሮች ናቸው። የልጅቱ ስልክ ይቀበላቸውና መልሶ «ደጀን» ብሎ ይጽፋቸዋል።