የጠብታ መስኖ

የጠብታ መስኖ ውሃን በቱቦ አምጥቶ በተክሉ ሥር አጠገብ ጠብታ በጠብታ የሚያደርስ የመስኖ ዓይነት ነው። በደረቅ አካባቢዎች ከአትክልትና ፍራፍሬ በተጨማሪ እንደ በቆሎ፣ ጥጥና ሸንኮራ አገዳ ላሉ የማሳ ሰብሎች ያገለግላል። በማሳው ላይ የሚባክነውን ውሃ ይቀንሳል፤ ይህ ማለት ግን ሁልጊዜ በወንዙ ወይም በከርሰ ምድር ብዙ ውሃ ይተርፋል ማለት አይደለም።

ታሪክ

ውሃ የተሞላ የሸክላ ማሰሮ በተክል አጠገብ ቀብሮ ማጠጣት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው ክፍለ ዘመን በተጻፈ የቻይና የእርሻ መጽሐፍ ተጠቅሷል። የዛሬው ዘዴ በሰፊው የታወቀው በእስራኤል ነው። የውሃ መሐንዲሱ ሲምሐ ብላስ ውሃው በረጅምና ጠባብ የፕላስቲክ መተላለፊያ ሲያልፍ በሰበቃ ፍጥነቱ እንዲቀንስ አደረገ። በዚህ ዘዴ ቀዳዳውን ከመጠን በላይ ማጥበብ ስለማያስፈልግ ቶሎ አይደፈንም። እ.ኤ.አ. በ1965 በኔጌቭ በረሃ በሚገኘው የሃጸሪም ኪቡጽ ኔታፊም የተባለው ድርጅት ተቋቁሞ መሣሪያውን ማምረት ጀመረ።

አሠራር

ውሃው ከፓምፕ ወይም ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ታንከር ተነሥቶ በማጣሪያ ካለፈ በኋላ በዋናው ቱቦ በኩል በየመስመሩ ወደተዘረጉት ቀጫጭን ቱቦዎች ይሄዳል። በእነዚህ ላይ በእኩል ርቀት የተተከሉት አንጠባጣቢዎች ውሃውን ያወጣሉ። የሚሟሟ ማዳበሪያም በዚሁ መንገድ ሊሰጥ ይችላል።

የውሃ ስሌት

በ1 ሄክታር ላይ 1 ሚሊሜትር ውሃ 10 ሜትር ኩብ ነው። ስለዚህ በቀን 6 ሚሊሜትር የሚፈልግ ሰብል በሄክታር 60 ሜትር ኩብ ያስፈልገዋል። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) ለዕቅድ በሚጠቀምበት ግምት በቦይና በመሳሰሉት ከሚለቀቀው ውሃ 60 በመቶው፣ በጠብታ ከሚለቀቀው ደግሞ 90 በመቶው ለሰብሉ ይደርሳል። በዚህ መሠረት በቦይ 100፣ በጠብታ ግን 67 ሜትር ኩብ ገደማ መልቀቅ ያስፈልጋል። ቱቦዎቹ በ1.5 ሜትር፣ አንጠባጣቢዎቹ በ30 ሴንቲሜትር ርቀት ቢሆኑና እያንዳንዱ በሰዓት 2 ሊትር ቢሰጥ፣ ይህ መጠን በአንድ ሰዓት ተኩል ይደርሳል።

በማሳ ሰብሎች ላይ

የማሳ ሰብል ሰፊ መሬት ስለሚሸፍን የቱቦው ወጪ ከባድ ነው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ አንድ ቱቦ ለሁለት መስመር ሰብል ይዘረጋል። በአሜሪካ የካንሳስ ግዛት ቱቦው ከ40 እስከ 45 ሴንቲሜትር ጥልቀት ተቀብሮ ለብዙ ዓመታት ያገለግላል፤ በበቆሎ ላይ በተደረገ የረጅም ጊዜ ምርምርም ምርቱ ሳይቀንስ 25 በመቶ ያህል የመስኖ ውሃ መቆጠብ እንደሚቻል ታይቷል። የአፈሩ ገጽ ደረቅ ስለሚሆን ትነትና አረም ይቀንሳሉ። ነገር ግን በዚሁ ምክንያት ዘሩ እንዲበቅል ዝናብ ወይም ሌላ ማጠጫ ሊያስፈልግ ይችላል። እንደ ጤፍ ተበትነው ለሚዘሩ ሰብሎች ዘዴው እምብዛም አይመችም።

ችግሮች

አሸዋ፣ አልጌና ኖራ አንጠባጣቢዎቹን ይደፍናሉ፤ ስለዚህ ማጣሪያውን ማጽዳትና ቱቦዎቹን በየጊዜው ማጠብ ግዴታ ነው። አይጦች ቱቦ ይበሳሉ። ጨው ደግሞ እርጥበቱ በሚያልቅበት ዳርቻ ይከማቻል፤ ዝናብ ካላጠበው ገበሬው አልፎ አልፎ ተጨማሪ ውሃ መልቀቅ ይኖርበታል።

የተቆጠበው ውሃ

በቦይ መስኖ ከሰብሉ የሚያመልጠው ውሃ ሁሉ አይጠፋም። ከፊሉ ይተናል፤ ከፊሉ ግን ወደ ከርሰ ምድር ሰርጎ ወይም ወደ ወንዝ ተመልሶ ሌላ ገበሬ ይጠቀምበታል። ጠብታ ይህንን ተመላሽ ውሃ ይቀንሳል። ገበሬው በተረፈው ውሃ ተጨማሪ መሬት ካለማ ወይም ብዙ ውሃ ወደሚፈልግ ሰብል ከዞረ፣ በጠቅላላው የሚጠፋው ውሃ እንዲያውም ይጨምራል። መንግሥት ለጠብታ መስኖ ከፍተኛ ድጎማ በሰጠባት በሞሮኮ ይህ በአንዳንድ አካባቢዎች ታይቷል። ስለዚህ ወንዙን ወይም ጉድጓዱን ለመጠበቅ ከቱቦው ጋር የሚወጣውን ውሃ መለካትና መገደብ ያስፈልጋል።