ተማሪዎች በአማርኛ ውክፔዲያ ጽሑፍ ማስተካከል የሚጀምሩበት መንገድ፦ ለሾኔ ከተማ ተማሪዎችና መምህራን

ውክፔዲያ ከጥር 1993 ዓ.ም. ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች የሚዘጋጅ የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት ነው። የአማርኛውን ክፍል ማንኛውም ሰው ያለ ክፍያ ማንበብና ማስተካከል ይችላል።

የማስተካከሉ አስፈላጊነት

በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት፣ ሾኔን ጨምሮ የሀዲያ ዞን ከተሞች ከቀድሞው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ወደ አዲሱ ክልል ተሸጋግረዋል። ከዚያ በፊት የተጻፈ ጽሑፍ ካልታረመ አንባቢን ያሳስታል። ለጀማሪ ተማሪ የሚስማማውም እንዲህ ያለ አጭርና በማስረጃ የሚረጋገጥ እርማት ነው።

ቅደም ተከተል

1. መለያ መክፈት፦ እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ይመርጣል። የተጠቃሚ ስም ለሁሉም ስለሚታይ ተማሪዎች ሙሉ ስማቸውንና ስልክ ቁጥራቸውን ባያስገቡ ይመረጣል።

2. መለማመድ፦ የመጀመሪያው ሙከራ በተጠቃሚው የግል መለማመጃ ገጽ ላይ ይደረጋል።

3. ምንጭ መያዝ፦ እያንዳንዱ መረጃ በታተመ ምንጭ መደገፍ አለበት። ያልታተመ የአፍ ታሪክ ብቻውን በቂ ምንጭ አይሆንም። የሕዝብ ብዛት ሲጻፍ ዓመቱ ይጠቀሳል፤ የመጨረሻው አገር አቀፍ የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. በመሆኑ፣ ከዚያ ወዲህ የወጡ አኃዞች ትንበያ መሆናቸው ይገለጻል።

4. በራስ አገላለጽ መጻፍ፦ ከመጽሐፍ ወይም ከድረ ገጽ ቃል በቃል የተገለበጠ ጽሑፍ ይሰረዛል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን መብት ይጠብቃል።

5. ማስቀመጥ፦ ምን እንደተለወጠና ለምን እንደተለወጠ በአጭሩ ተገልጾ እርማቱ ይቀመጣል።

ጽሑፉ ከተሰረዘ

የየገጹ ታሪክ የቀድሞ ቅጂዎችን ስለሚይዝ የተማሪው ሥራ አይጠፋም። ተማሪው የተሰረዘበትን ምክንያት ከገጹ ታሪክ ተመልክቶ፣ ካልገባው በውይይት ገጹ ላይ በትሕትና ይጠይቃል እንጂ ያንኑ ጽሑፍ ደጋግሞ አይመልስም።

ለመምህራን

ከአንድ የኢንተርኔት መስመር በአንድ ቀን ሊከፈቱ የሚችሉት አዲስ መለያዎች በመደበኛነት ከስድስት አይበልጡም። ስለሆነም አንድ ክፍል በሙሉ በአንድ ጊዜ ለመመዝገብ ቢሞክር አብዛኞቹ ተማሪዎች ይከለከላሉ። ተማሪዎች ከሥልጠናው ቀን በፊት በተለያዩ ቀናት ወይም በየቤታቸው እንዲመዘገቡ ማድረግ ይህን ችግር ያስቀራል።

መለያ ለመክፈትም ሆነ ጽሑፍ ለማስተካከል ምንም ዓይነት ክፍያ አይጠየቅም።